ለሩቅ አደን የማግነም ጥይት አመራረጥ፦ ከትከሻ እስከ ነፋስ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት ሁለት ጎልማሶች ሲሟገቱ ሰማሁ። አንዱ “.338 ላፑዋ ማግነም ያልያዘ ሰው አዳኝ ነኝ አይበል” ይላል። ሌላው .300 ዊንቸስተር ማግነምን እንደ ወንድሙ ይሟገትለታል። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ኃይል፣ ስለ አንድ ሺህ ሜትር ብዙ ተባባሉ። ብርጭቆ የምታነሣው ባለሻይ ቤቷ ቆም ብላ፣ “ለመሆኑ ምን ልትገድሉበት ነው?” አለቻቸው። ሁለቱም ዝም።

ቤቴ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ የሥራ ዘመኔ ያለፈው በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ፈቃድ ይዘው ከሚመጡ አዳኞች ጎን ዱካ በመከተል ነው። ብዙ ጠመንጃ ተሸክሜአለሁ፣ ጥቂቱን ተኩሼአለሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው ሲተኩስ ቆሜ አይቻለሁ። ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ ደም እየተከተልሁ ጀምበር ያጠለቅሁባቸው ቀናት አሉ። ከእነዚያ ውስጥ ጥይቱ አንሶ የተበላሸ አንድም አላስታውስም። ጥይቱ ከሰውየው በልጦ የተበላሸ ግን አለ፤ እንዲያውም ብዙ። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከመጀመሬ በፊት የቃል ነገር። በአማርኛችን ጥይት የሚለው ቃል ለሁሉም ይውላል፤ እዚህ ግን ጥይት የምለው ሙሉውን ነው። ቀለህ ናሱ ነው፤ ባሩዱን የያዘው። አረር የምለው በአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደውን ነው። ማግነም ደግሞ ለአረሩ ውፍረት ከተለመደው በላይ ብዙ ባሩድ የሚይዝ ቀለህ ያለው ጥይት ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንደ .300 ያለው ቁጥር የአረሩ ውፍረት በኢንች ገደማ ነው።

ስለ ሕጉም በአጭሩ። የስፖርት አደን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ጠመንጃው ራሱ ደግሞ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ጥብቅ ናቸው፤ በየትኛውም ጥይት ወሬያቸው አይነሣም። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ የምናሠለጥነው ዓይናችንን ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ቤት ይቀመጣል።

አንደኛ፦ እንስሳውንና አገሩን ይወቁ

የባለሻይ ቤቷ ጥያቄ ይኸው ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለሳይንሱ ዓለም የታወቀውም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአብዛኛው የሚውለው ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በኮሶና በአስታ ጫካ ውስጥ ነው። ማለዳ ወደ ገላጣው ወጥቶ ይግጣል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይሰወራል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሸለቆ ማዶ ነው፤ የሩቅ ተኩስ ጥያቄም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በቆላው ደግሞ አምባራይሌ አለ፤ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ እምብዛም አያልፍም፣ ቁጥቋጦ ስለሚወድም ሲታይ ቅርብ ነው። ሳላ ከፍ ያለ ክብደት አለው፤ በሜዳ ላይ ስለሚቆም ርቀቱ ይረዝማል። ጎሽ የሌላ መጽሐፍ ምዕራፍ ነው፤ ጎሽ በሩቅ አይተኮስም።

ከእንስሳው አካል ላይ የሚፈለገው ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ነው፤ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ቁመት መካከል ዝቅ ብሎ። ስፋቱን በቤት ዕቃ ልለካልዎት፦ ለደጋ አጋዘን የትልቅ ሰሃን ያህል፣ 25 ሴንቲሜትር ቢባል ያስኬዳል። ለአምባራይሌ ከዚያ ያነሰች ሰሃን ይያዙ። ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ እዚህ ሰሃን ውስጥ ስለ መግባት ነው።

ሁለተኛ፦ ርቀትዎን በሰሃን ይለኩ

በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ ከኋላው ጠንካራ የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ 25 ሴንቲሜትር ክብ ወረቀት በ100 ሜትር ይስቀሉ። ጠረጴዛና የአሸዋ ከረጢት አይጠቀሙ። ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም። በሚያድኑበት አኳኋን፣ ማለትም ተቀምጠው፣ በሁለት ዘንግ ተደግፈው፣ ወይም የጀርባ ሻንጣዎን ደንጋይ ላይ አስተኝተው ይተኩሱ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ሃምሳ እርምጃ በፍጥነት ይውጡና ይውረዱ፤ ልብዎ መምታት አለበት። አምስት ተኩሰው አምስቱም ከገቡ ወደ 150፣ ከዚያ ወደ 200፣ ከዚያ ወደ 250 ሜትር ይሂዱ። አንዱ ከወረቀቱ በወጣበት ቦታ ይቁሙ። ርቀትዎ ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ይከፋዋል። አራት መቶ ሜትር እችላለሁ ብሎ የመጣ ሰው በሁለት መቶ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። የሚያሳፍር አይደለም፤ ቁጥር ነው። ግን ይህ ቁጥር ጥይቱን ይመርጥልዎታል። ርቀትዎ 250 ሜትር ከሆነ ማግነም ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው .30-06 ስፕሪንግፊልድ በዚያ ርቀት ለደጋ አጋዘን የሚያንሰው ነገር የለውም። ማግነም ትርጉም የሚኖረው ከ300 ሜትር ወዲያ ሰሃንዎን መጠበቅ ሲጀምሩ ነው።

የጣና ነገደ ወይጦዎች አባቶች በታንኳ ሆነው ጉማሬን በጦር ያድኑ ነበር። ደንገሉን ተገን አድርገው እስትንፋሱ እስኪሰማቸው ይጠጉት ነበር። የሩቅ ተኩስ ጥበብ ነው ሲሉኝ እነሱ ትዝ ይሉኛል። ሃምሳ ሜትር መጠጋት ከተቻለ የትኛውም ጥይት ሃምሳ ሜትር መጠጋትን አይተካም።

ሦስተኛ፦ ትከሻዎን ይመዝኑ

ስለዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰዎች ቸል የሚሉት ይህንን ነውና።

አረሩና ጋዙ ወደ ፊት በሄዱ መጠን ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመጣል። ምቱን በጁል መቁጠር ይቻላል። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 4 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ በኔ ስሌት .308 ዊንቸስተር 20 ጁል ገደማ፣ 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም 27፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም 35 ጁል ገደማ ትከሻ ላይ ያሳርፋል። .338 ላፑዋን በዚሁ ክብደት ቢተኩሱት ከ60 ያልፋል፤ የላፑዋ ጠመንጃዎች 6 ኪሎና ከዚያ በላይ ሆነው የሚሠሩትም ስለዚህ ነው። ክብደቱ ሲጨምር ምቱ ወደ 40ዎቹ ይወርዳል። አሁን 6 ኪሎ ብረት ተሸክመው በ3,500 ሜትር ከፍታ ዳገት መውጣቱን ያስቡት። የሚሸከመው እንግዳው ሳይሆን እኔ ነበርሁ፤ ስለዚህ ፍርዴ ትንሽ ያደላ ይሆናል።

ምቱ አጥንት አይሰብርም። የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነት ምቱን አስታውሶ ቀድሞ ይደነግጣል። ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይገፋል፣ ምላጩ በጣት መሳቡ ቀርቶ በእጅ ሙሉ ይመነጨቃል። ተኳሹ ይህን አያውቀውም፤ ጩኸቱ ሁሉን ይሸፍንለታል። የሚታየው በሚከተለው መንገድ ነው።

ጓደኛ ይዘው ይሂዱ። ባሩድና መለኮሻ የሌለውን የመለማመጃ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ይቀላቅሉ፤ እርስዎ ሳያዩ ጓደኛዎ ያጉርስልዎ። እርስዎ እንደ ወትሮው አልመው ይሳቡ። መለማመጃው የተጎረሰ ቀን ድምፅ የለም፤ ጧ የምትል ትንሽ የብረት ድምፅ ብቻ። በዚያች ቅጽበት ጓደኛዎ የአፈሙዙን ጫፍ ይመልከት። አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ .338 ላፑዋ ይዞ የመጣ፣ በዚህ ፈተና አፈሙዙ መሬቱን ሊወጋ እስኪቃረብ ሲወርድ አይቻለሁ። እሱም አየው። ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ መነጽሩን ሲወለውል ቆየ። በማግስቱ ከአስጎብኚው 7 ሚሊሜትር ተውሶ ወጣ፤ በአራተኛው ቀን በ240 ሜትር በአንድ ጥይት ጨረሰ።

እኔም ከዚህ አልዳንሁም። ተኝቼ ወደ ሽቅብ ስተኩስ ዓይኔን ከመነጽሩ በጣም አስጠግቼ ነበር፤ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ከፈተው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከመነጽሩ ጠርዝ እስከ ዓይን ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ ሽቅብ ሲተኩሱ ደግሞ ርቀቱን ደጋግመው ይፈትሹ።

አፈሙዝ ላይ የሚጠመደው፣ ጋዙን ወደ ጎን የሚበትነው ቀዳዳማ ማባሪያ ምቱን በእርግጥ ይቀንሳል። ጩኸቱን ግን በጎን ለቆመ ሰው ይልከዋል። ከ160 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ አንዴ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ማባሪያ ካለዎት ለራስዎ ብቻ አይደለም፣ ለዱካ ተከታዩም የጆሮ መከላከያ ይግዙ። የግራ ጆሮዬ ይህን ምክር በነፃ አይሰጥም።

ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ በተረጋገጠ ጠመንጃ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ከአፈሙዙ አጠገብ በርሜሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ምላጩን ይሳቡ። ሳንቲሟ ካልወደቀች ጣትዎ ሥራውን ያውቃል። በቀን ሃያ ጊዜ ለአንድ ወር ይህን ያደረገ ሰው አዲስ ጥይት ከገዛ ሰው የበለጠ ይሻሻላል።

አራተኛ፦ ጥይቶቹን እንያቸው

የሁሉም አያት .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነው። እንግሊዞቹ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። 19.4 ግራም አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ገደማ ይልካል። ቀለሁ ከሥሩ የናስ ቀበቶ አለው፤ ቀለሁ ሾጣጣ፣ ትከሻውም፣ ማለትም አረሩን ወደሚይዘው አንገት የሚሸጋገርበት ቦታ፣ ቀስ ብሎ የሚጠብ ስለሆነ ጠመንጃው ውስጥ በትክክለኛው ቦታ የሚያቆመው ያ ቀበቶ ነው። በኋላ የመጡት ማግነሞች ትከሻቸው በቂ ሆኖ ሳለ ቀበቶውን ወረሱ፤ ለጌጥ ነው ብል አልሳሳትም። ጎሽ ካለበት፣ ርቀቱም አጭር ከሆነ .375ን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ለሸለቆ ማዶ ግን አረሩ ቶሎ ይወድቃል። ለሩቅ አደን ብሎ .375 የሚገዛ ሰው ለሩጫ በሬ የገዛ ነው።

7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም እ.ኤ.አ. በ1962 ወጣ። 10.4 ግራም አረር በሴኮንድ 900 ሜትር ገደማ። አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አየሩን ይሰነጥቃል፤ ምቱ ትከሻ ላይ የሚቻል ነው። ለደጋ አጋዘንም፣ ለሳላም፣ ለአምባራይሌም ይበቃል። ይህን ጥይት “ትንሽ” ብለው የሚንቁት ብዙ ናቸው፤ የናቁትን ሰዎች ደም ስከተል ከርሜአለሁ።

.300 ዊንቸስተር ማግነም በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከተለ። በተመሳሳይ ፍጥነት 11.7 ግራም ይልካል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ 4,700 ጁል ገደማ ነው። ከ13 ግራም በላይ የሆኑ አረሮችንም በደንብ ይሸከማል። ትልቁ በጎነቱ ግን በቁጥር አይታይም፤ ከአገር አገር በቀላሉ የሚገኝ ጥይት መሆኑ ነው። ሻንጣው በአውሮፕላን ጉዞ የጠፋበት አዳኝ ይህን ያውቃል። አንገቱ አጭር ነው ብለው የሚያሙት አሉ፤ ጥይቱን ራሳቸው ለሚሞሉ ሰዎች ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ ለሌላው ወሬ ነው።

.300 ዌዘርቢ ማግነም ከሁለቱም ይቀድማል፤ ሮይ ዌዘርቢ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከዊንቸስተሩ ይፈጥናል፣ ከዊንቸስተሩ ይመታል፣ ዋጋውም ከዊንቸስተሩ ይወደዳል። ከ400 ሜትር በታች ልዩነቱን እንስሳው አያውቀውም፤ ኪስና ትከሻ ግን ያውቁታል።

.338 ዊንቸስተር ማግነም፣ እ.ኤ.አ. የ1958ቱ፣ የከባድ እንስሳ ጥይት ነው። በእኛ አገር አደን መካከል ላይ የሚቀር ይመስለኛል፤ ለጎሽ ያንሳል፣ ለአጋዘን ይበዛል።

.338 ላፑዋ ማግነም ከአደን አልመጣም። ለወታደር አልሞ ተኳሾች ታስቦ የተሠራ፣ መነሻ ቀለሁ ከ.416 ሪግቢ የተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ደረጃ የወጣለት ነው። 16.2 ግራም አረር በሴኮንድ 900 ሜትር ገደማ፣ 6,500 ጁል። ከ800 ሜትር ወዲያ ብረት ለሚመታ ሰው ድንቅ ነው። በ800 ሜትር በሚግጥ እንስሳ ላይ መተኮስ ግን አደን አይመስለኝም፤ አረሩ እስኪደርስ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል፣ አጋዘኑም በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ይራመዳል።

አዲሶቹ ከጥይት አምራቹ ሆርናዲ የመጡት ናቸው፦ .300 ፒአርሲ እ.ኤ.አ. በ2018፣ 7 ሚሊሜትር ፒአርሲ በ2022። ቀበቶ የላቸውም፣ ለረጃጅም አረር ታስበው ተሠርተዋል፣ አረሩን የሚያሽከረክረው የበርሜላቸው የውስጥ ጥምዝም በዚያው ልክ ቶሎ ቶሎ የሚዞር ነው። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምርና የጥይት አቅርቦቱ የተረጋገጠለት ሰው 7 ሚሊሜትር ፒአርሲን ቢመርጥ አልቃወመውም። አቅርቦቱ ያልተረጋገጠለት ግን የ1962ቱንና የ1963ቱን ይዞ ይቆይ።

ሁለቱ ብቻ ቀርተው ለሚያመነታ ሰው ፍርዴ ይህ ነው፦ በመለማመጃው ፈተና በ.300 ዊንቸስተር አፈሙዝዎ ካልወረደ .300ውን፣ ከወረደ 7 ሚሊሜትሩን ይውሰዱ። ከዚህ የሚሻል መለያ አላገኘሁም።

አምስተኛ፦ አረሩ ከቀለሁ ይበልጣል

ጥይቱን መርጠው አረሩን ለሻጭ የሚተዉ ሰዎች ይገርሙኛል። እንስሳውን የሚነካው አረሩ ነው። ስስ ልባስ ያለው፣ ለኢላማ የተሠራ አረር በቅርብ ርቀት በማግነም ፍጥነት አጥንት ሲመታ ላዩ ላይ ሊበተን ይችላል፤ ቁስሉ ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የለውም። እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉው ከመዳብ የተሠራ አረር ሳይበተን ይዘልቃል።

በሌላ ወገን ደግሞ አረር ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ብዙዎቹ የአደን አረሮች በሴኮንድ ከ550 እስከ 600 ሜትር በታች ሲወርዱ እንደ አበባ መከፈታቸው አስተማማኝ አይደለም፤ እንደ ወስፌ ወግተው ያልፋሉ። የ11.7 ግራሙ .300 ዊንቸስተር በዝቅተኛ ቦታ አየር ወደ 600 የሚወርደው 500 ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። የጥይቱ እውነተኛ የአደን ወሰን የት እንዳለ ይህ ይነግርዎታል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ፎቶ አይነግርዎትም። ሠሪው ያስቀመጠውን ዝቅተኛ የመከፈቻ ፍጥነት ፈልገው ያንብቡ፣ ከዚያ ርቀቱን ይወስኑ።

የበርሜሉንም ጥምዝ ይመልከቱ። የ.300 ዊንቸስተር በርሜል በተለምዶ በ25 ሴንቲሜትር አንዴ ይዞራል፤ የ7 ሚሊሜትር ፒአርሲው በ20 ሴንቲሜትር ገደማ። በጣም ረጅም አረር በዘገምተኛ ጥምዝ ከተላከ ይንገዳገዳል። ጠመንጃዎ የሚወደውን ለማወቅ ሦስት ዓይነት ጥይት ገዝተው በ100 ሜትር ይሞክሩ፤ አንዱ ሦስቱን አረር ሳንቲም በሚያህል ቦታ ሲሰበስብ ሌላው ይበትናል። ለምን እንደሆነ አይጠይቁ፣ የሰበሰበውን ይግዙ።

ስድስተኛ፦ ከፍታውን ያስቡ

በማሸጊያ ላይ የታተመው የአረር መውረድ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል አየር የተሠላ ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል በስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። በባሌ 3,500 ሜትር ላይ ደግሞ ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ይጎድላል። የሳሳ አየር አረሩን ያነሰ ይጎትታል።

በቁጥር እንየው። በ200 ሜትር ያለሙበትን እንዲመታ የተስተካከለ .300 ዊንቸስተር በባሕር ወለል አየር በ300 ሜትር 20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ400 ሜትር 60 ገደማ፣ በ500 ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። በ3,500 ሜትር ከፍታ በ400 ሜትር ርቀት የሚለየው 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሰሃኑ ይችለዋል። በ500 ሜትር ግን ልዩነቱ ከ10 ሴንቲሜትር ያልፋል። ስለዚህ አየር ግፊትና ሙቀት የሚቀበል የስልክ ማስሊያ ይጠቀሙ፤ ውጤቱንም በወረቀት ላይ ተኩሰው ሳያረጋግጡ አይመኑት።

ሽቅብና ቁልቁል ሲተኩሱ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁል 400 ሜትር የሚያሳየው መሣሪያ ለመውረዱ 345 ሜትር ያህል ነው። ሽቅብም ቁልቁልም አረሩ ከጠበቁት ከፍ ብሎ ይመታል። በዛዊት ኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ዓባይ ሲመለከቱ ርቀትን በዓይን ገምተው በሌዘር መለኪያ ያረጋግጡ፤ ቁልቁለት ዓይንን እንዴት እንደሚያታልል እዚያ ይገባዎታል።

ሰባተኛ፦ ነፋስን ከጣና ይማሩ

የጥይት ምርጫ ክርክር ሁሉ የሚፈርሰው እዚህ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ400 ሜትር ላይ .300 ዊንቸስተርን 32 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተንን 30፣ .338 ላፑዋን 24 ያህል ይገፋዋል፤ ቁጥሩ የባሕር ወለል አየር ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሴንቲሜትር። ነፋሱን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አሳስተው ከገመቱ ግን አሥር ሴንቲሜትር ሳቱ። ሁለት ኪሎ ተጨማሪ ብረትና የበረታ ምት የገዛልዎት ጥቅም በአንድ የግምት ስሕተት ይበላል።

ነፋስ መገመት ደግሞ ያለ አንድ ጥይት የሚለመድ ነው፤ ጣና ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ማለዳ ሐይቁ ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ይተኛል። ቀኑ ሲሞቅ ከውኃው ወደ ከተማው ነፋስ ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ትንሽ የእጅ ነፋስ መለኪያ ይያዙና ከዳርቻው ይቁሙ። መጀመሪያ ሳይለኩ ይገምቱ፣ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ፣ ከዚያ ይለኩ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ።

የሚያዩአቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ፊትዎ ላይ ይሰማዎታል፣ ውኃው እንደ አረጀ ቆዳ ይሸበሸባል፣ የደንገሉ ጠጉር ብቻ ይነቃነቃል። ከ12 እስከ 18 ሲደርስ ቅጠል ሳያቋርጥ ይወዛወዛል፣ ሞገዱ ጫፍ ያወጣል፣ ባለታንኳው ወደ ነፋሱ ዘንበል ብሎ መቅዘፍ ይጀምራል። ከ20 ሲያልፍ የደንገሉ አገዳ ራሱ ይጎብጣል፣ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ይታያል። በዚያ ነፋስ እንስሳ ላይ አይተኮስም፤ ይጠጉ ወይም ይመለሱ።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቅጣጫ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ እርስዎ አጠገብ ያለው ደንገል ጸጥ ብሎ ሳለ ከመካከል ውኃው ሲሸበሸብ ያያሉ። ነፋስ አንድ ወጥ አይደለም። ሸለቆ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ እርስዎ ያሉበት ጥግ ዝም ብሎ መካከሉ ላይ ሊነፍስ ይችላል። መነጽሩን ከኢላማው ወዲህ አጥርተው ቢመለከቱ ሙቀቱ የሚያንቀጠቅጠው አየር ወዴት እንደሚፈስ ይታያል። እኔ ይህን ለማየት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን አለማየት አልቻልሁም። ሌዘር መለኪያዎን ውኃ ላይ አይሞክሩት፣ ጨረሩን አይመልስም፤ ታንኳውን ወይም ዛፉን ይለኩ።

ስምንተኛ፦ መንገዱና ካምፑ

አየር መንገዶች በተለምዶ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅዱት ጥይት 5 ኪሎ ነው። የ.300 ዊንቸስተር አንድ ጥይት 30 ግራም አለፍ ይላል፣ የላፑዋው ከ40 በላይ ነው፤ ስንት እንደሚይዙ ከወዲሁ ያስሉ። ሁሉንም ከአንድ ዓይነትና ከአንድ የምርት ቁጥር ይግዙ። ግማሹን ለመለማመድ፣ ግማሹን ለሥራ ብሎ የተለያየ የሚገዛ ሰው የተለማመደው ለሌላ ጠመንጃ ነው።

ከመታወቂያ ካርድ በማትበልጥ ወረቀት ላይ የራስዎን ቁጥሮች በእርሳስ ይጻፉ፦ በ200፣ በ250፣ በ300፣ በ350 ስንት ይወርዳል፣ በ16 ኪሎ ሜትር ነፋስ ስንት ይገፋል። ቀለም በዝናብ ይፈስሳል፣ እርሳስ ይቆያል። በላስቲክ ሸፍነው ሰደፉ ላይ ይለጥፉት። ከሰሃን ፈተናው ያገኙት ርቀት ላይ ሲደርሱ ያቁሙ፤ ከዚያ በታች ባዶ ይሁን። የኔ ወረቀት በ300 ያበቃል። አንድ እንግዳ አይቶ፣ “ቀሪውስ?” ሲለኝ፣ “ቀሪው በእግር ነው” አልሁት።

ካምፕ እንደ ደረሱ፣ ሻንጣ ሳይፈቱ በፊት ማለት ይቻላል፣ አንድ ወረቀት በ100 ሜትር ሰቅለው ሦስት ጥይት ይተኩሱ። የኮረኮንች መንገድ ያላላው የመነጽር ብሎን፣ ጭነት ሲወርድ የተመታ ጠርዝ፣ የከፍታው ለውጥ፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ ይታያል። የመጀመሪያዋን አረር በተለይ ያስተውሉ፤ ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣው እርሷ ናት፣ ጠዋት አጋዘኑ ላይ የሚተኩሷትም እርሷን ነው። ከሌሎቹ ሁለት ራቅ ብላ ካረፈች የሚያስተካክሉት ለእርሷ ነው። ከዚያ በርሜሉን አብርደው፣ ብሎኖቹን አጥብቀው፣ ጠመንጃውን ሳይወለውሉ ያስቀምጡት።